ካልኩለስ የያዘው ሰው

እኔ ሒሳብ እፈራለሁ። እንዲህ ስል ሰው ይስቅብኛል። የአማርኛ መምህርት ስለሆንሁ «አንቺማ ምን አገባሽና» ብለው ያልፉታል። አልወድም ማለቴ እኮ አይደለም፤ እፈራለሁ ነው ያልሁት። ይኸው ስንት ዘመን ሳስተምር የተማሪዎቼን አማካይ ውጤት ራሴ ያወጣሁበት ቀን የለም። ካርድ የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ ከወጣቶቹ መምህራን አንዱን እለማመጣለሁ፤ እሱ ሲደምር እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። «እትዬ ሐረግ፣ መደመር እኮ ነው» ይለኛል። መደመር እንደሆነማ እኔም አውቃለሁ።

አርብ ገበያ በምትባለው የጋይንት ከተማ ያደገ የእኔ እኩያ ግን አይስቅም። ለምን እንደማይስቅ ልንገራችሁ።

ዘመኑ 1970 ነው። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል። ቤታችን ከገበያው ከፍ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነበር። ሦስት ነን፤ እኔ፣ እናቴ ካሣነሽና አያቴ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል። አባቴ በሚሊሻ ተመልምሎ ወደ ምሥራቅ ዘምቷል። አያቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ፋሲካ የሚውልበትን፣ ጾም የሚገባበትን ቀን በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ ያወጣሉ፤ እሳቸው ካወጡት አንድ ቀን ወዲህም ወዲያም አይልም። ዋሽተው አያውቁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ምክንያት አለኝ፤ አገር ምድሩ «የኔታ ብለዋል» ከተባለ ሌላ አይጠይቅም ነበር፣ እኔም አልጠየቅሁም።

አራተኛው የቤታችን ሰው የእናቴ ታናሽ ወንድም ቀለመ ወርቅ ነው። እኔ ጋሼ ቀለም እለዋለሁ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብ ያጠና ነበር። ከጋይንት ለዚህ ትምህርት የሄደ እሱ የመጀመሪያው ነው ትል ነበር እናቴ፤ እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፣ እሷ ግን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ታወራው ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሆነኝ በዘመቻ ልብሱ መጥቶ ሁለት ሳምንት ከእኛ ጋር ሰነበተ። አንድ ቀን በሰፌድ ሽምብራ ስለቅም አጠገቤ ቁጢጥ አለና አንድ ፍሬ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ይኼ አንድ ነው። አሁን ሦስት ጨምሪ» አለኝ። ጨመርሁ፤ አራቱ ፍሬዎች ጎኑ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ሆኑ። «አምስት ጨምሪ» አለኝ። ዘጠኝ ሆኖ እንደገና ጎኑ እኩል ሆነ። ሰባት ጨመርሁ፤ አሁንም ሆነ። ከዚያ እንደ ዕብድ ሆንሁ። ዘጠኝ፣ ዐሥራ አንድ፣ ዐሥራ ሦስት እያልሁ ሽምብራውን ሁሉ ደጅ ዘረጋሁት፣ ዶሮዎቹ መጥተው እስኪበትኑት ድረስ። ጋሼ ቀለም እየሳቀ፣ «ጎዶሎ ቁጥሮችን ከአንድ ጀምረሽ በተራ ከደመርሽ ምንጊዜም እንዲህ ይሆናል። ለምን?» አለኝ። እንጃ አልሁት። «በሚቀጥለው ስመጣ አንቺ ትነግሪኛለሽ» አለና ሄደ። አያቴ ከመደባቸው ሆነው ሲያዩን ነበር። «ይቺ ልጅ ወንድ ብትሆን ባሕረ ሐሳብን አወርሳት ነበር» አሉ። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን «ለምን» ተሸክሜው ዞርሁ።

የካቲት ላይ፣ ገበያ በሞላበት በአርብ ቀን፣ ጋሼ ቀለም መጣ። ይዞት የመጣው ጎረቤታችን ሲራጅ ነበር፤ የጨርቅ ነጋዴ ነው፣ ከደብረ ታቦር በበቅሎ ጭኖ ሲመለስ መንገድ ላይ አገኘሁት አለ። ጋሼ ቀለም ጫማ የለውም። ጠጉሩ ተንጨብርሮ ሣር ተሰክቶበታል። ዓይኑ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ከንፈሩ ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል። ሮጬ ሄጄ እጁን ያዝሁት፣ አላወቀኝም። ገበያተኛው ተሰበሰበ። አያቴ በምርኩዛቸው ወጥተው ብዙ ጊዜ ትክ ብለው አዩት፤ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጄን ሒሳብ አሳበደብኝ። ከአቅሙ በላይ ገባበት» አሉ።

ዛሬ የማውቀውን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ ያኔ ስላልተነገረኝ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። ጋሼ ቀለም አላበደም። አዲስ አበባ ሁለት ጓደኞቹ ተገድለዋል፣ የእሱም ስም በዝርዝር ተይዞ ወደየአውራጃው ተልኳል። ሲራጅ ከአንድ ቀን በፊት ገደል ሥር ደብቆት ብቻውን መጥቶ ለአያቴ ነግሯቸው ነበር። እብደቱን ያሰቡት አያቴ ናቸው። ዕብድ አይገደልም ብለው ነው። በገበያ ቀን ይምጣ ያሉትም እሳቸው ነበሩ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው። በዕድሜያቸው የመጀመሪያዋ ውሸት ያቺ ነበረች፤ እኔም እንደ ወንጌል ተቀበልኋት።

ሰዉም ቢሆን ለማመን አልተቸገረም። አያቴ ጋሼ ቀለም ይዞት የመጣውን ሰማያዊ ደብተር ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ገልጠው አሳዩ። ፊደልና ቁጥር አንድ ላይ ተቀላቅሎ፣ ፊደሉ በቁጥር ሲባዛ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ አንገቱን ያቀና እባብ የመሰለ ምልክት ቆሞ። እኛ አገር ፊደልና ቁጥር የሚቀላቅል መጽሐፍ ቢኖር ዐውደ ነገሥት ነው፤ የሰውን ስምና የእናቱን ስም በፊደል ቆጥሮ ዕጣውን የሚናገር። ያንን ያለ መምህር የገለጠ እንደሚያብድ ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ ደብተሩን ያየ ሁሉ አማትቦ ወደ ኋላው አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓዴም አየው። ሰዉ ከፊቱ «ጓድ ጓዴ» ይለዋል፣ ከኋላው ይስቅበታል፤ ቁመቱ የቤት ምሰሶ የሚያህል፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ነው። በልጅነቱ የአያቴ ተማሪ ነበር፤ ባሕረ ሐሳብ ላይ ሲደርስ ሌሊት ተነሥቶ ጠፋ ይባላል። ደብተሩን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰና እጁን በሱሪው ጠረገ።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ማንም ተረጋግቶ አልተቀመጠም። እናቴ ገና እንደተቀመጠች ትነሣለች፣ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች፣ ትመለሳለች፣ ያነሣችውን ዕቃ የት እንዳደረገችው ትረሳለች። ውሻው በጮኸ ቁጥር ጋሼ ቀለም ማጉረምረም ይጀምራል። እኔ ውሻው ሕመሙን የሚቀሰቅስበት መስሎኝ ነበር፤ ውሻውን ለማሰር ስንት ገመድ እንዳባከንሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የኔን ጉድ ግን ማንም አልጠረጠረም። ጋሼ ቀለም ከመምጣቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሽምብራው ነገር ገብቶኝ ነበር። ከወንዝ ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ ምንም ሳላስብበት፣ እንዲያው ብልጭ አለልኝ። በደስታ እንስራዬን ልጥል ደረስሁ። እሱ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ በሦስቱም ቀን ለራሴ ስደጋግመው ሰነበትሁ። እሱ ግን እንዲያ ሆኖ መጣ። አሁን አስቡት፤ ሒሳብ የሚያሳብድ ከሆነ፣ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ የሱን ጥያቄ ደግሞ ፈትቻለሁ። ስለዚህ በኔም ገብቷል ማለት ነው። ተው ብለውም ጭንቅላቴ አይተውም። የአጥሩን እንጨት ይቆጥራል፣ ቅዳሴ ላይ የካህናቱን ካባ ቁልፍ ይቆጥራል፣ ጎዶሎውን ከጎዶሎ ይደምራል። በስመ አብ እያልሁ ጉንጬን እቆነጥጥ ነበር።

በሳምንቱ ጠበል ወሰድነው። ጠበሉ ከገደሉ ሥር ነው፣ ውኃው አጥንት ይሰብራል። ጋሼ ቀለምን በገመድ አስረው አወረዱት። ሰዉ እንደ ንግሥ ወጥቶ ነበር። ጓዴ አለ፣ የሒሳብ አስተማሪያችን መምህር ሥዩም አለ። ሌሎች ሁለት የማናውቃቸው ሰዎችም ነበሩ፤ ከአውራጃ በበቅሎ የመጡ፣ አንደኛው የቆዳ ጃኬት የለበሰ ረጅም፣ ሌላው ብዕር በኪሱ የሰካ። አጥማቂው አባ ተክለ ማርያም ውኃውን ለቀቁበት። ጋሼ ቀለም ጮኸ። «ሦስት ነጥብ አንድ፣ አራት፣ አንድ፣ አምስት፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ስድስት» እያለ ሳያቋርጥ ይጠራል። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ሠራዊቱን እየጠራ ነው» ብላ ልጇን በነጠላዋ ከለለችው። ክብን የሚለኩበት ቁጥር ነው፤ ዛሬ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያኔ ግን እኔም ሠራዊት መስሎኝ ቆጠርሁት።

አባ ተክለ ማርያም መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው፣ እንደ ደንቡ፣ በሰውዬው ያደረውን መንፈስ መጠየቅ ጀመሩ።

«ማን ነህ? ስምህን ተናገር።»

«ካልኩለስ ነኝ» አለ ጋሼ ቀለም፣ ድምፁን ወፍራም አድርጎ።

ሰዉ ተንጫጫ። እንዲህ ያለ ስም ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ የሒሳብ ትምህርት ስም ነው።

«የት አገኘኸው?»

«ቤተ መጻሕፍት ብቻውን ተቀምጦ።»

«በምን ያዝኸው?»

«በዜሮ ሲያካፍል ያዝሁት።»

እኔ እዚያው ላብ አጠመቀኝ። በዚያው ወር መምህር ሥዩም ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጽፎ፣ «በዜሮ ማካፈል ክልክል ነው» ብሎናል። ለምን እንደተከለከለ ጠይቄው፣ ከፍ ስትዪ ትደርሺበታለሽ ብሎኝ ነበር። ይኸው ደረስሁበት። ዞር ብዬ ሳየው መምህር ሥዩም አንገቱን ደፍቶ አፉን በእጁ ይዟል። እሱም የፈራ መሰለኝ። ሳቁን ይዞ ይሁን ልቅሶውን ዛሬም አላውቅም፤ ነገሩ ግን ወዲያው ገብቶት ነበር፣ ትንፍሽም አላለ።

ጃኬት የለበሰው ሰው ሰዉን ገፍቶ ቀረበ። ከጋሼ ቀለም ፊት ቁጢጥ አለና፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ሁለትና ሁለት ስንት ነው?» አለው።

ጋሼ ቀለም ሰማዩን አየ። ውኃው ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሰውዬው ደግሞ ጠየቀው። ጋሼ ቀለም አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ከዚያ «አላውቅም» ብሎ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሒሳብ መጨረሻው ይኼ ነው ማለት ነው፣ አልሁ፤ ሁሉንም ካስተማረህ በኋላ ሁለትና ሁለትን ሳይቀር መልሶ ይወስድብሃል።

ሰዎቹ ሊሄዱ ሲሉ ጓዴን ጠርተው፣ «ከፋሲካ ማግሥት እንመለሳለን። ያን ጊዜ ካልተሻለው ወስደን ሐኪም እናሳየዋለን» አሉት። እኔ ደስ አለኝ፤ ሐኪም ሊያየው ነው። እናቴ ግን ጠበል የሞላችበትን ገንቦ ለቀቀችው፤ ድንጋዩ ላይ ተሰባብሮ ቀረ። እነሱ ይዘውት የሄዱት ሰው እንደማይመለስ እሷ ታውቃለች። እኔ የተቆጨሁት ለገንቦው ነበር።

ከዚያ ጀምሮ አያቴ ማኅሌት መቆም ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፣ ግን ከደጀ ሰላሙ አይዘልቁም፤ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያስቀድሳሉ። ጉልበታቸውን አሟቸው ነው አለችኝ እናቴ። ጉልበታቸው ደኅና ነበር። ልጃቸውን በጠበል ፊት በሐሰት ስላናገሩ ንስሐ ገብተው ነው።

የሁዳዴ ጾም አጋማሽ ላይ ደረስን። በአንዱ አርብ እናቴ ገበያ እህል ስትሸጥ ቁና ረስታ መጥታ ኖሮ፣ «ሩጪ አምጪልኝ» አለችኝ። ቤት ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ከጓዳው ሳቅ ይሰማል። ቆምሁ። በቤታችን ሳቅ ከተሰማ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። በግድግዳው ቀዳዳ አየሁ።

አያቴና ጋሼ ቀለም መሬት ላይ ዐመድ በትነው በእንጨት ይጽፉበታል። ጋሼ ቀለም ጠጉሩን በእጁ ወደ ኋላ መልሶ፣ ዓይኑ ረግቶ፣ ልክ እንደ ድሮው ሆኖ ይናገራል።

«አባቴ፣ መጥቅዕና አበቅቴ ሲደመሩ ምንጊዜም ሠላሳ የሚሆኑት ለምን ይመስልዎታል?»

መጥቅዕና አበቅቴ ፋሲካን ለማውጣት አያቴ የሚይዟቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ ስማቸውን እኔም በቃሌ አውቀው ነበር።

«አባቶች ደንግገውታ» አሉ አያቴ።

«እንዴት ደነገጉት? ያንኑ አንድ ቁጥር ለአንደኛው በዐሥራ አንድ ያባዙታል፣ ለሁለተኛው በዐሥራ ዘጠኝ። ዐሥራ አንድና ዐሥራ ዘጠኝ ሲደመር ስንት ነው?»

አያቴ ጣታቸውን አነሡ፣ አንጓውን ጀመሩት፣ መሀል ላይ ተዉት። «ሠላሳ» አሉ። «ለዚህ ነዋ በሠላሳ በሠላሳ እየጣልን ስንገድፈው የማይተርፈን» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ እንባቸው ወረደ። «ሃምሳ ዓመት አስተማርሁት» አሉ፣ «ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። እስቲ ድገመው።»

ይህን እንደ ዛሬ ባየው በሩን ከፍቼ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። ያቺ ልጅ ያየችው ግን ሌላ ነው። አያቴ ዐመድ ላይ ተቀምጠው፣ እየሳቁ እያለቀሱ፣ ቁጥር ይጽፋሉ። በሽታው ከጋሼ ቀለም ለቆ ወደ አባባ ተሻገረ፣ እሱን ለዚህ ነው የተሻለው፣ አልሁ። ከአባባ ቀጥሎ ደግሞ እኔ ነኝ።

ቁናውን ሳልይዝ ሮጥሁ። ለእናቴ ልንገራት ብዬ ነበር፤ ግን ገንቦው ትዝ አለኝ፣ ይህን ከሰማች እሷም ትሰበራለች ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ይልቅ ከማውቀው ሰው ሁሉ ብርቱ ወደሆነው ሄድሁ። ጓዴ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ብቻውን ተቀምጦ ወረቀት ያያል።

«አያ ጓዴ፣ አባባን ያድኑልኝ» አልሁት።

«ምን ሆኑ የኔታ?» ብሎ ብድግ አለ።

«ተይዘዋል። ካልኩለስ ይዟቸዋል። ከጋሼ ቀለም ጋር ዐመድ ላይ ሒሳብ ይሠራሉ፣ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ።»

«ቀለመ ወርቅስ?»

«እሱማ ደኅና ሆኗል። ለአባባ ያስረዳቸዋል። እንደ ድሮው ነው።»

«ደኅና ሆኗል አልሽኝ?»

«አዎ። በደንብ ነው የሚናገር።»

ጓዴ ሄዶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ፤ ይኼ የምሰሶ ያህል ሰውም ሒሳብ ይፈራል ማለት ነው፣ አልሁ በልቤ። ግድግዳውን አየ፣ ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው፣ መልሶ አወጣው።

«ለማን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለእናትሽስ?»

«አልነገርኋትም።»

«ስሚኝ ሐረገ ወይን» አለ፣ ሙሉ ስሜን ጠርቶ። «ይኼ በሽታ በአፍ ነው የሚተላለፈው። ያየሽውን ለአንድ ሰው ከተናገርሽ የኔታ በዚያው ቀን ይሞታሉ። ቀጥሎ አንቺ ታብጃለሽ። ገባሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ፣ አንዴ ከተናገርሁ አይቀር ብዬ፣ የሽምብራውን ነገርሁት። ጎዶሎ ቁጥር ስደምር እንደምውል፣ ተው ቢሉት ጭንቅላቴ እንደማይተው፣ ለምን እንደሆነም እንደገባኝ።

ጓዴ ዓይኔን ሸሽቶ ጠረጴዛውን አየ። «ያንንም ለማንም እንዳትናገሪ» አለ። «ቁጥር ሁለተኛ አትንኪ። ሲያስተምሩሽም አትስሚ። ማዪልኝ።»

በሥላሴ ስም ማልሁለት። ራሴን ዳበስ አድርጎ በጓሮ በር አወጣኝ።

በሰኞው ጋሼ ቀለም ከጠበል ሲመለስ ገመዱን በጥሶ ገደል ገባ ተባለ። ሬሳውን ማውጣት እንዳልተቻለ የመሰከረው ጓዴ ራሱ ነው፤ ወረቀት ጽፎ ማኅተም መታበት። እናቴ ደረቷን ደቃች፣ እኔም ደቃሁ። ሲራጅ ለለቅሶ አልመጣም፤ ጨርቅ ሊያመጣ መንገድ ወጥቷል አለች ሚስቱ ረሺዳ። ከፋሲካ ማግሥት ሁለቱ ሰዎች መጥተው ወረቀቱን ተቀበሉ። አያቴ ደብተሩን አውጥተው ሰጧቸው፤ ጃኬት የለበሰው ሰው አንድ ገጽ ገልጦ መልሶ ዘጋውና መደቡ ላይ ትቶት ወጣ።

ሰኔ ላይ የሒሳብ ፈተናዬን ስሜን ብቻ ጽፌ ባዶውን አስረከብሁ። መምህር ሥዩም ወረቀቱን አገላበጠው፤ ከክፍሉ አንደኛ ነበርሁ። «ሐረግ፣» አለኝ ዝቅ ብሎ፣ «ክልክል የሆነው በዜሮ ማካፈል ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ…» ብሎ ጀመረና፣ ሰው በመስኮቱ ሲያልፍ አየና ተወው። እኔ ደግሞ ጆሮዬን ደፍኜ ነበር፤ ምያለሁ። ብቻዬንም አልነበርሁም። በዚያ ዓመት ስንቷ እናት ልጇን «ሒሳብ ላይ አትበርታ፣ ይቅርብህ» አለች። አርብ ገበያ አልቃሽ ሕፃን «ካልኩለስ መጣልህ» ሲባል ዝም ይል ነበር። እኔ ማትሪክ ስወስድ በሒሳብ ኤፍ አመጣሁ፤ ሰው ሲያዝንልኝ እኔ በልቤ ተመስገን አልሁ።

አያቴ በ1976 ዐረፉ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ከደጀ ሰላሙ አልዘለቁም።

በ1984 ጥቅምት፣ መንግሥት ከተለወጠ ከአምስት ወር በኋላ፣ ለዕረፍት አርብ ገበያ ሄጄ ሳለ አንድ ሸበቶ ሰው ግቢያችን ገባ። እናቴ አላበደችም፣ አልጮኸችም፤ ሄዳ አንገቱን ይዛ ቀረች። እኔ ነኝ «ጋሼ ቀለም!» ብዬ የጮኽሁት። ሲራጅ በመተማ በኩል ሱዳን አሻግሮት፣ ገዳሪፍ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሯል። እናቴ ሁሉንም ታውቅ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት፣ «አንቺ ምን አፍ ነበረሽና» አለችኝ። ዐሥራ አራት ዓመት እንደ መቃብር የተዘጋ አፍ ይዤ መኖሬን አታውቅም።

በማግሥቱ ጓዴ መጣ። ከለውጡ በኋላ ታስሮ፣ ሰው መስክሮለት የተፈታ ሰሞን ነበር፤ ከስቷል፣ ያ ቁመቱ ጎብጧል። ደጅ በሰሌን ላይ ተቀመጥን። ጋሼ ቀለም እኔን እያየ፣ «ሱዳን ሆኜ የምጽናናው፣ ሐረግ ይኼኔ እኔን አልፋኛለች እያልሁ ነበር» አለ። «ምን ተማርሽ?»

«አማርኛ» አልሁት።

«ሒሳብስ?»

ጓዴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሷን አትጠይቃት፣ እኔን ጠይቀኝ» አለ። «ቀለመ ወርቅ፣ እኔ ማበድህን እውነት ብዬ ተቀብዬ ነበር። አበቅቴ ያሸሸኝ ሰው ነኝ፣ ሒሳብ ያሳብዳል ሲሉኝ ምን ብዬ ልጠራጠር? ደኅና መሆንህን የነገረችኝ ይቺ ናት። ዐሥር ዓመቷ ነበር። ለየኔታ ፈርታ መጥታ፣ ሳታውቀው አንተን አሳልፋ ሰጠችኝ። ጠርተው ቢጠይቋትስ አልሁ። አፏን የምዘጋበት ሌላ መላ አልመጣልኝም። ከተናገርሽ የኔታ ይሞታሉ፣ ቁጥርም ሁለተኛ አትንኪ አልኋት። ያን ዕለት ማታ የኔታ ዘንድ ሄጄ፣ ልጅዎን ቶሎ ያሽሹ አልሁ። አንተ ዳንህ። እሷን ግን ያኔ የሆነ ነገር እንዳደረግኋት አውቀዋለሁ፣ ሳያት ዓይኗን ማየት አልችልም።»

ጋሼ ቀለም ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ማን እንደተናገረበትም፣ ማን እንዳዳነውም። እጁን አንዴ ወደ ጓዴ ዘረጋ፣ አንዴ ወደኔ፤ ለማን እንደሚሰጠው ቸገረው። «ሁለትና ሁለት አላውቅም ስል ነበር የሞትሁት» አለ በመጨረሻ። «ያንን አንዴ ነው ያልሁት። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ አልሽው።» ከዚያ ተነሥቶ ከሰፌዱ አንድ እፍኝ ሽምብራ አምጥቶ አንዷን ፍሬ መሬት ላይ አስቀመጠና ጠበቀኝ።

ጠላሁት፣ ፈራሁት፣ አያቴ ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆኗቸው እንኳ እሞታለሁ ወይም አንድ ሰው ይሞታል ብዬ ሰጋሁ። ሦስት ጨመርሁ። አምስት ጨመርሁ። ዘጠኙን ፍሬ ዘረጋሁና ቆምሁ።

«ያለውን በሁለት ጎኑ በኩል ፍሬ አለብሰዋለሁ» አልሁ። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። «በዚህ በኩል ሦስት፣ በዚያም በኩል ሦስት። ሁለት እኩል ስለሆነ ጎዶሎ አይሆንም። ግን ጥጉ ላይ አንድ ቦታ ክፍት ይቀራል። እሱን ስሞላው ነው ጎዶሎ የሚሆነው። ምንጊዜም ያ ጥግ አለ። ለዚህ ነው።»

የመጨረሻዋን ፍሬ ጥጉ ላይ አስቀመጥሁ። ዐሥራ ስድስት ሆነ።

ጋሼ ቀለም ፍሬዎቹን ሲያይ ቆየ። «ትክክል ነው» አለ። «መቼ ነው የገባሽ?»

«አንተ ከመምጣትህ ከሦስት ቀን በፊት» አልሁት።